አስሩን ሙላና ቤተሰብ ሁን

የካፌ ሰንሰለቶች፣ ማለትም በአንድ ስም ብዙ ቅርንጫፍ የከፈቱ ካፌዎች፣ ደንበኛ የላቸውም፤ ያላቸው «ቤተሰብ» ነው። ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል። ይሄኛው ቤተሰብ መቼ እንደመጣህ፣ ስንት እንዳወጣህና ስንት ቀን እንደጠፋህ መዝግቦ ይይዛል። (ሌላውም ቤተሰብ ይመዘግባል፤ በአፕ አይደለም እንጂ።)

የአባልነት መታወቂያዋ በየስኒው ማኅተም የሚመታባት ካርድ ናት። 10 ጠጣ፣ 11ኛው በነጻ። ሒሳቡን ለሠራው ቅናሹ 9 በመቶ ገደማ ነው። ካሸሯ «9 በመቶ ቀንሼልሃለሁ» ብትል ቀና ብሎ የሚያያት የለም። ማኅተም ስትመታለት ግን ልጅ የዳረ ሰውዬ ካርዱን ከመንጃ ፈቃዱ አጠገብ ያስቀምጣል።

ብልጥ ነጋዴ ደግሞ ካርዱ ላይ 10 ሳጥን አይስልም። 12 ይስልና ሁለቱን ራሱ መትቶ ይሰጣል። የሚገዛው ያው 10 ነው፤ ሰውዬው ግን ገና ሳይጀምር የተጋመሰለት ይመስለዋል። ሐሜት አይደለም፤ ኪቬትዝ፣ ኡርሚንስኪና ዤንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት ጥናት በእውነተኛ የቡና ካርድ ፈትነውታል። ሁለቷ የተመረቀችላቸው ቀድመው ሞሉ። መጨረሻው ሲቃረብም ጠጪው እግሩን ያፈጥናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ክላርክ ሃል ይህንኑ በ1932 ስለ አይጦች ጽፎታል፤ አይጦቹ ግን «አንድ ስለቀረኝ እስቲ ዛሬ ልድገም» አላሉም።

ችግሩ ከነጻዋ ስኒ በኋላ ነው። ሽልማቱን የቀመሰ ሰው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አዲሱ ካርድ ከነሁለት ማኅተሙ ከነጻዋ ስኒ ጋር አብሮ መሰጠት አለበት፤ ለነገ ከተባለ ነገ ላይመጣ ይችላል። ማኅተሙም ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የተገዛ ተራ ኮከብ ከሆነ ቤተሰቡ እቤቱ ሆኖ ራሱን ይሸልማል። ቅርጹ ለየት ያለ ወረቀት መብሻ ይሻላል።

አፕ ሲመጣ ጣጣውም ተራቀቀ። የአሜሪካው የካፌ ሰንሰለት ስታርባክስ እስከ 2016 ድረስ ኮከብ (የማኅተሙ ምትክ) የሚሰጠው በከፈሉት ጊዜ ብዛት ነበር። ጠጪው ምን አደረገ? ሁለት ስኒ አዝዞ ሁለት ጊዜ ከፈለ፤ ከኋላው ሰልፉ በር አለፈ። ኩባንያው ስሌቱን ወደ ወጪ መጠን ሲያዞረው ትንሿን ጥቁር ቡና በየቀኑ ሲጠጣ የኖረው ታማኝ ከበኩር ልጅነት ወደ ሩቅ ዘመድነት ወረደ።

አፑ ላይ ገንዘብ አስቀድሞ መሙላትም አለ። ደንበኞች ሞልተው ገና ያልጠጡበት ሒሳብ ስታርባክስ ዘንድ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ባንክ ቢያበድረው ወለድ ይጠይቀዋል። ቤተሰብ ግን ወለድ አይጠይቅም።

መቀመጫውስ? ሬይ ኦልደንበርግ የተባለው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ከቤትና ከሥራ ውጭ ሰው የሚገናኝበትን ስፍራ «ሦስተኛ ቦታ» አለው፤ ሰንሰለቶቹም ቃሉን እንደ ስኳር በየንግግራቸው ነሰነሱት። ቦታው ሲገኝ ግን አንድ ስኒ ይዞ፣ ላፕቶፑን ሶኬት ላይ ሰክቶ፣ አራት ሰው የሚይዝ ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ቀን የሚውል አባል ተወለደ። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ሶኬት መቀነስ፣ ለስላሳውን ሶፋ አንስቶ ጀርባ የሚቆረቁር ዱካ ማስገባት፣ ዋይፋዩን በሰዓት መገደብ። ማንም ውጣ አላለውም፤ ወገቡ ነው ያስወጣው።

ስታርባክስ በ2018 በአሜሪካ «ሳትገዙም ተቀመጡ፣ ሽንት ቤትም ተጠቀሙ» አለ። ሰባት ዓመት ሳይሞላው፣ በጥር 2025፣ ቃሉን አጠፈ። አሁን የተጣደፈ የቤተሰብ አባል መጀመሪያ ይሰለፋል፣ ይገዛል፣ ከዚያ ይሮጣል። ኮከቡ ግን ይያዝለታል።