አባ ሰንጋን በሚጥሚጣ

የግቢያችንን ሰዎች ሳላመሰግን ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። ሐኪም ያቃተውን ችለዋልና።

ለበዓሉ ቅርጫ ገባን። ሰፈራችን ሰንጋ ተራ ነው፤ ስሙም ያስገድዳል። አሥራ ሁለት ቤት ሆንን። በሬው በአይሱዙ መጣ፤ ግን አልወርድም አለ። ኮርቶ አይደለም፣ መቆም አቅቶት ነው። ዋጋው ከገበያው በጣም የረከሰ ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቅ ደላላው ቅንጣት ሳያፍር ነገረኝ። "እርድ ቦታ ወስደነው ነበር። ሐኪሙ አይታረድም ብሎ መለሰው። ሰውየው ሙዱ ልክ አልነበረም።"

ሐኪም ደግሞ ሲያካብድ አይጣል ነው። በሬውን አስነድቶ አረማመዱን ያያል። ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ ለሃጩን፣ አተነፋፈሱን ያያል። ቴርሞሜትር ያስገባል፤ የት እንደሚያስገባው አልናገርም፣ እየበላችሁ የምታነቡ ትኖራላችሁ። ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ መሆን የነበረበት ሙቀት ከፍ ብሎ ካገኘው ከመንጋው ይለየዋል። ስንት ልፋት! የኛ ግቢ ምርመራ ሦስት ሰከንድ ነው። ጋሽ እከሌ ሻኛውን ጨበጥ አደረጉና "ስብ አለው" አሉ። አለቀ።

"ለምንድነው የሚንቀጠቀጠው?" አልኩ።

"ከቦረና ድረስ መጥቶ! ደክሞት ነው።"

"ለሃጩስ?"

"ሳር አይቶ ጎምጅቶ ነው።" ግቢያችን ሲሚንቶ ነው።

"ለምን አይቆምም?"

"ሰው በዛበት። ዓይን አፋር ነው።"

"ከአፍንጫው የሚወርደውስ?"

"ጉንፋን ነዋ። የአዲስ አበባን ብርድ አለመደውም።"

ይህን የሰሙ አንዲት እናት አንጀታቸው አልችል አለና ጋቢ አመጡለት። እውነቴን ነው። በሬው ጋቢ ለበሰ። ሌላዋ ዳማከሴ ጨምቃ መጣች። አንዱ "ዝንጅብል በማር ቢሞከር" አለ። ከዚያ ማሩ ውድ ስለሆነ ቀረ። ለሰው ሲሆን አምቡላንስ የሚያስጠራ ምልክት ሁሉ ለበሬ ሲሆን ቢላ ያስስላል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ የወደቀ በሬ ደግሞ እኛ ግቢ አሥራ ሁለት ፌስታል ይጠብቀዋል።

"ለማንኛውም ጠዋት መርፌ ወግተነዋል" አለ ደላላው። መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ ቀናት፣ አንዳንዱም ሳምንታት ይፈልጋል። እኛም ካርድ ሳናወጣ አብረን ታከምን።

ሲገፈፍ አንዱ ምሁር "እሳት የማይገድለው በሽታ የለም" ብሎ አጽናናኝ። በጣቱ የያዘው ጥሬ ጉበት ነው። እሳቱ የታል?

"ሚጥሚጣው አለልህ" አለኝ።

አባ ሰንጋን በሚጥሚጣ! "አባ" ብለን ያከበርነው በሽታ እኮ ነው። በሱ የሞተ ከብት ጭራሽ አይከፈትም። ከተከፈተ ጀርሙ አየር አግኝቶ ጠንካራ ቅርፊት ያበጃል፣ አፈር ውስጥም አሥርት ዓመታት ይቀመጣል። የሚቃጠለው ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚቀበረው ለዚህ ነው። ለአራጁ እጁ ላይ ያለች አንዲት ጭረት ትበቃዋለች። የኛው በሬ ምን እንደያዘው ማን መረመረ? ማንም! ጉበቱን ግን ለሕፃን አጎረሳችሁ። ለሕፃን! ሐኪም አይሆንም ያለውን ከብት እየጎተተ ሰፈር ለሰፈር የሚያዞር ሰው ነጋዴ አይባልም። በሩን ከፍቶ ያሳለፈውም ዘበኛ አይባልም። እያወቅን ብር ያዋጣነው እኛ ምን እንደምንባል ራሳችሁ ሙሉት።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

ዕጣ ወጣ። የኔ ቁልፍ ደህና መደብ ላይ አረፈ፤ ሽንጥም ፍሪምባም አለው። አልወስድም አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ "ጎረቤት የናቀ" ተባልኩ። ድርሻዬን ተካፈሉት፤ ገንዘቤን ግን የመለሰልኝ የለም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ እከሌን በረንዳቸው ላይ አገኘኋቸው። ይንቀጠቀጣሉ። ግንባራቸው በላብ ርሷል። ሆዳቸውን ይዘዋል።

"ምነው ጋሼ?"

"ምንም አይደል ልጄ፣ ብርድ ነው።"

የለበሱት ጋቢ ያው የበሬው ነው።