300 ዶላር ብለው 225 የሰጡኝ ካርድ

ወገኖቼ፣ ዛሬ አንጀቴ እርር ብሎ ነው የምጽፈው። እዚህ አሜሪካ ክሬዲቱ፣ ማለትም ብድር የመክፈል ታሪኩ፣ ተበላሽቶበት መልሶ ለማቃናት የሚታገል ካለ ይህን ያንብብልኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ታምሜ አራት ወር ከሥራ ቀረሁ። ታክሲ ነው የምነዳው፤ ካልነዳሁ ገቢ የለም። የሁለት ካርድ ክፍያ አለፈኝ፣ አንዱ ኮሌክሽን፣ ማለትም ዕዳ ሰብሳቢዎች እጅ ገባ። ስኮሬ፣ ያው ዕዳ ከፋይነታችን የሚለካበት ነጥብ፣ 520 ወረደ። እንዲህ ያለው ነገር አንዴ ከተመዘገበ ሰባት ዓመት የክሬዲት ሪፖርት ላይ ይቆያል። አራት ወር ታምሞ ሰባት ዓመት!

እቁቤን ግን በዚያ ክፉ ጊዜ እንኳ አላጓደልኩም። ከወንድሜ ተበድሬ ጥያለሁ። የቤት ኪራይም አንድ ቀን አላሳለፍኩም። የእያንዳንዳችንን የብድር ታሪክ የሚመዘግቡት ክሬዲት ቢሮዎች ግን እቁብ የሚባል ነገር አያውቁም። ኪራይንም የሚያሳውቃቸው ከሌለ አይቆጥሩትም። እቁብተኛው ሁሉ የሚያምነኝ ሰው፣ እነሱ ወረቀት ላይ ዕዳውን የማይከፍል ነኝ።

ከዚያ 200 ዶላር አስይዤ ሴኪውርድ ካርድ አወጣሁ። ቤንዚን ብቻ እቀዳበታለሁ፤ በየወሩ ሙሉውን እከፍላለሁ። በዓመት ከምናምን 630 ገባሁ። አሁንስ ያለ ማስያዣ የሚሰጥ ካርድ ይገባኛል ብዬ ተነሳሁ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የፖስታ ሳጥኔ በየሳምንቱ «እንኳን ደስ አለዎ፣ ቀድመው ተመርጠዋል» በሚል ደብዳቤ ይሞላል። አንዱን ሞላሁ፣ ተፈቀደልኝ። ሊሚቱ፣ ማለትም በካርዱ እስከዚህ ድረስ መበደር ትችላለህ የሚሉት ጣሪያ፣ 300 ዶላር። ካርዱ ሲመጣ ለባለቤቴ አሳየኋት። እሷ መነጽሯን አድርጋ አብሮት የመጣውን ወረቀት አነበበች።

«አንተ፣ ይሄ 75 ዶላር የምንድነው?»

ዓመታዊ ክፍያ ነው። ካርዱ ገና ከፖስታው ሳይወጣ ተቆርጧል። አንዲት ዳቦ ሳልገዛበት የ75 ዶላር ባለዕዳ ሆኛለሁ። ከሊሚታችሁ 30 በመቶ አትለፉ እያሉ ሁሉም ይመክሩናል አይደል? 75ቱ ብቻውን 25 በመቶ ነው። የ15 ዶላር ቤንዚን ብቀዳ ድንበሩ ላይ ደረስኩ። ስኮሬን ላሳድግበት ያወጣሁት ካርድ!

በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ከሊሚቱ 25 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ከ300 ላይ 75 ልክ 25 በመቶ ነው። አንድ ሳንቲም አልማሩኝም። ሕጉ የሚይዘው ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ዓመታዊው 45 ሆኖ፣ በላዩ በየወሩ 10 ዶላር የአካውንት ማስተዳደሪያ ይጨመራል። 165 ዶላር በዓመት! ወለዱ 35.9 በመቶ። ሁሉም ደብዳቤው ጀርባ ላይ በሠንጠረዥ አለ፤ ሕግ ስለሚያስገድዳቸው። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው ግን 300ው ብቻ ነው። ሴኪውርድ ካርዴ ላይ ያስያዝኩት 200 እኮ ዕዳ ከሌለብኝ ስዘጋው ይመለስልኛል። ይህ አይመለስም። ከድጡ ወደ ማጡ!

ካርድ ሰጪዎቹ ለእንደኛ ዓይነቱ ማበደር ሪስክ (ላይከፈል ይችላል የሚል ስጋት) አለው ይሉናል። ለሪስኩማ 35.9 በመቶ ወለድ እየጠየቁ ነው። ታዲያ 75ቱ የምን ነው? ጥሩ ስኮር ያለው ሰው ያለ ዓመታዊ ክፍያ ካርድ ይሰጠዋል፤ ሲጠቀምበት ገንዘብ ሁሉ ይመልሱለታል። ገና ከወደቀበት በመነሳት ላይ ያለው ነው የሚከፍለው። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ካርዱን አልነካሁትም። በማግስቱ ደውዬ አልፈልግም አልኩ። ካልተጠቀማችሁበትና ምንም ካልከፈላችሁበት እምቢ ማለት ትችላላችሁ፤ እባካችሁ ይህን እወቁ። 50 ደቂቃ ስልክ ላይ አቆዩኝ፣ ሁለቴ ወደ ሌላ ሰው አዛወሩኝ። በመጨረሻ 75ቱን አነሱት። ሲፈቅዱልኝ ክሬዲቴን ያዩበት መዝገብ ግን ሁለት ዓመት ሪፖርቴ ላይ ይቆያል።

አሁን ማመልከቻ የምሞላው፣ ስኮሬን ሳይነኩ አስቀድመው ብቁ መሆኔን ለሚነግሩኝ ብቻ ነው። አንዳንድ ባንኮችና ክሬዲት ዩኒየኖች (የአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበራት) ይህን ያደርጋሉ። መጀመሪያ ጀርባውን ነው የማነበው። እስከዚያ ቤንዚኔን በ200 ዶላሯ ካርዴ እቀዳለሁ።