ክለባችን ምንም አይደብቅም

ስለ ግልጽነት ሲወራ የስፖርት ክለቦቻችንን የሚያነሳ ሰው የለም። ግፍ ነው። እስቲ ዛሬ እኔ ላመስግናቸው።

የ13 ዓመት ልጄን ሰፈራችን ያለ የታዳጊዎች ፕሮጀክት ላስመዘግብ ሄድኩ። ግራ ክንፍ ነው የሚጫወተው። ፎርሙ ሦስት ገጽ ነው። ስም እስከ አያት፣ የደም ዓይነት፣ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የእናት ስልክ፣ የአባት ደመወዝ። የጫማ ቁጥር ግን የለም። ደመወዜን ካወቁ ታኬታውን የሚገዛው ማን እንደሆነ አወቁ ማለት ነው።

ብሔር የሚለው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። “ለግራ ክንፍ ይሄ ምን ያደርጋል?” አልኩት ጸሐፊውን።

“ጋሼ፣ ፎርሙ ላይ ስላለ ነው።”

ከዚህ በላይ ምን ምክንያት ይፈለጋል?

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል ሕግ ግን ሰውን ያደርቃል። ለምን እንደምትሰበስቡ ንገሩ፣ ለጉዳዩ ከሚያስፈልገው በላይ አትሰብስቡ፣ ጤናና ብሔር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ክለባችን እንዲህ ባለ ምቀኝነት አይበገርም። የዛሬ ዓመት የተሞላው ፎርም ሜዳው በር ላይ ኦቾሎኒ ተጠቅልሎበት አግኝቼዋለሁ። ዘንድሮ ግን ዘምነናል፤ ቴሌግራም አለ።

በሳምንቱ የተመረጡት ልጆች ዝርዝር ቻናሉ ላይ ወጣ። ስም ብቻ ቢሆን ማን ያነበዋል? ከነልደት ሰርተፊኬቱ፣ ከነእናት ስልኩ፣ ከነሕክምና ውጤቱ፣ ማኅተሙ ሳይቀር። የቀኝ ተመላላሹ አስም እንዳለበት ሰፈሩ በሙሉ አወቀ። ተጋጣሚያችንም አወቀ። ቅዳሜ ዕለት ኳስ ሁሉ በእሱ በኩል ሄደ። 4 ለ 0።

ዝርዝሩ በወጣበት ማታ ባለቤቴ ስልክ ላይ አራት ሰው ደወለ። አንዱ “የውጭ አገር ክለብ መልማይ ነኝ” አላት። የልጃችንን የልደት ቀንና የደም ዓይነት በቃሉ ጠራላት። ለቪዛ ማስጀመሪያ ትንሽ ብር በቴሌብር ላኪ አለ። እንዲህ አብጠርጥሮ የሚያውቀንን ሰው እንዴት እናስቀይመው?

እነ ፊፋ ምን ያህል ወደኋላ እንደቀሩ ያየሁት ያኔ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስነሳሉ። የአንጓው አጥንት ማደጊያ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ልጁ ዕድሜው አልፏል ብለው ይጠረጥራሉ። አጥንት ውስጥ ያለ ሚስጥር በእጃቸው ገብቶ ዝም! እኛ ጋ ቢሆን ፊልሙ የቻናሉ ፕሮፋይል ይሆን ነበር፤ “ልጃችንን ስንት ዓመት ትሰጡታላችሁ? ኮመንት ላይ” ተብሎ።

አዋጁ ደግሞ መረጃ ካፈተለከ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አሳውቁ ይላል። 72 ሰዓት ማን ይጠብቃል? የእኛ ክለብ እያፈተለከ እያለ ነው የሚያሳውቀው፤ ከነ“ሼር አድርጉ”ው።

ሰኞ “የልጄን መረጃ አንሱልኝ” ልል ሄድኩ። ጸሐፊው ከልቡ አዘነልኝ።

“ጋሼ፣ ፖስቱ እኮ ስድስት መቶ ላይክ አለው። ደግሞስ የሚደብቁት ነገር አለ እንዴ?”

አፈርኩ። ወሬ ለመቀየር ያህል፣ በየወሩ የምንከፍለው መዋጮ ለምን ለምን እንደዋለ የሚያሳይ ወረቀት ካለ እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። በሩን ገርበብ አደረገና ድምፁን ቀነሰ።

“እንዴ ጋሼ! ይሄማ የክለቡ ገበና ነው።”