ያለ ፎቶው አይመለስም ነበር
እዚህ ያነበብኩት ጽሑፍ ቅርስን ፎቶ አንስቶ መመዝገብ ለተመራማሪ እንጂ ለሰፈሩ ሰው አይጠቅምም ማለቱ አልተዋጠልኝም። በኔፓሏ ፓታን ከተማ ያለውን የላክሽሚ ናራያን (የሂንዱ አምላክ) የድንጋይ ሐውልት እዩት። እ.ኤ.አ. በ1984 ከቤተ መቅደሱ ተሰረቀ። ሰፈሩ ምን ያድርግ፣ በቦታው ቅጂ አቁሞ ቀይ ዱቄቱንና አበባውን ማቅረብ ቀጠለ። ዋናው ለካ አሜሪካ፣ ዳላስ ሙዚየም ቆሞ ኖሯል! ኔፓላዊው ሠዓሊ ሌይን ሲንግ ባንግዴል ያሳተመው፣ ሐውልቱ በቦታው ሳለ የተነሳ ፎቶ ባይኖር የሰፈሩን ሰዎች ማን ያምናቸው ነበር? በ2021 ተመልሶ እዚያው ተተከለ። ከላይ በአስተያየትህ «አሁን ሁሉም በስልኩ ያነሳል» ላልከው ወንድሜ፦ ሰልፊ ሌላ፣ መዝገብ ሌላ። የትኛው ቤተ መቅደስ፣ መቼ፣ ቁመቱ ስንት፣ የቱ ጋ ተሸርፏል የሚለው አብሮ ካልተጻፈ የተሰረቀውን ቅርስ የገዛው ሰው ጠበቃ ይስቅበታል።