ከውሃው ጋር ያልመጣው ወረቀት

አራት ኪሎ፣ ከግንፍሌ ድልድይ ብዙም በማይርቀው የአክስቴ ቤት አንድ ወር ሰንብቼ ሰሞኑን ተመለስኩ። ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው ደግሞ ሌሊት ይመጣል። ባዶው ቧንቧ ማፏጨት ሲጀምር እቴቴ ጋቢዋን ደርባ ብድግ ትላለች። መጀመሪያ የሚወርደው ቡናማ ነው፤ እሱን ለመጸዳጃ ቤት በባልዲ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ ብርጭቆ ሞልታ ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጋ ታየዋለች። ድፍርሱ ሲጠራላት ጀሪካኖቹን በየተራ ትደቅናለች።

«እቴቴ፣ መጥራቱንስ አየሽ፤ ንጹሕ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ማን ነግሮኝ ልወቅ ልጄ?» አለችና የሚጠጣውን ልታፈላ ምድጃ ላይ ጣደችው።

መልሷ ዋሽንግተን ድረስ ተከተለኝ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 የተሻሻለው የመጠጥ ውሃ ሕግ የከተማ ውሃ አቅራቢዎች በየዓመቱ የጥራት ሪፖርት ለደንበኞቻቸው እንዲያደርሱ ያስገድዳል። ውሃው ከየት እንደተቀዳ፣ ምን እንደተገኘበት፣ የተፈቀደው መጠን ስንት እንደሆነ በሰንጠረዥ ተጽፎ ይመጣል። እዚህም ቢሆን እውነቱ ሁልጊዜ ቶሎ አይነገርም። እ.ኤ.አ. በ2000 በዋሽንግተን ውሃ ውስጥ ጀርም የሚገድለው ክሎሪን፣ ከአሞኒያ ጋር ተዋህዶ በሚሠራው በክሎራሚን ሲተካ፣ እርሳስ ከተባለው መርዛማ ብረት ከተሠሩ አሮጌ ቧንቧዎች እርሳሱ እየሟሟ ወደ ውሃው ይገባ ጀመር። ሕዝቡ በሰፊው የሰማው እ.ኤ.አ. በ2004 ከጋዜጣ ነው። ወላጆች በቁጣ ተነሡ፤ ሲነሡ ግን በእጃቸው የሚሟገቱበት ቁጥር ነበራቸው።

የአዲስ አበባን ውሃ የሚያጣሩትን ባለሙያዎች ድካም አላሳንስም። የለገዳዲ ግድብ ውሃ ተጣርቶና ክሎሪን ተጨምሮበት ነው የሚለቀቀው። የምፈራው መንገዱን ነው። ውሃው በፈረቃ ሲቋረጥ ቧንቧው ውስጥ ግፊት ይጠፋል፤ ያን ጊዜ በስንጥቁ ዙሪያ ያለ ፍሳሽ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል። የግንፍሌን ወንዝ ሽታ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ስለዚህ ማጣሪያው ላይ የተገኘ መልካም ውጤት ለእቴቴ ብርጭቆ ዋስትና አይሆንም። መለካት ያለበት እሷ ቧንቧ አፍ ላይ ነው።

ቆጣሪ አንባቢው ደጃፏ ድረስ መጥቶ ፍጆታዋን መዝግቦ ይሄዳል። በዚያው እግሩ አንድ ገጽ ወረቀት ይዞላት ቢመጣ ምን ይከብዳል? በሰፈሯ ቧንቧዎች የተገኘው ክሎሪን ስንት ነው? የዓይነ ምድር ባክቴሪያ ተገኘ ወይስ አልተገኘም? መጥፎ ውጤትም ቢሆን ይጻፍላት። ማፍላቱን እንደሆነ ታውቅበታለች።