ውዳሴ ፋይል

ለሕክምና የሙያ ፈቃድ ፈተና ቴክስትቡክ ገልጦ መታየት ከሚያሳፍርበት ዘመን ደርሰናል፤ እሰየው! ባሕር ዳር ላይ፣ ከጣና ዳር ካፌዎች በአንዱ፣ ማኪያቶው ቀዝቅዞ ጣት ስልክ ላይ ሽቅብ ሲንሸራተት ካያችሁ ዝግጅት እየተካሄደ ነውና ድምፅ ቀንሱ። የሚነበበው ፋይሉ ነው፤ ያለፉ ፈተናዎች ጥያቄ ከነመልሱ የተለቀመበት። «የአምናው»፣ «የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው የታረመው» እየተባለ በቴሌግራም ከእምቦጭ በላይ ይራባል። እምቦጭን እንኳ አንዳንዴ ሰው ወጥቶ ይነቅለዋል።

የፋይሉ ውበት ቁጥብነቱ ነው። ታማሚዋ ዕድሜ የላትም፣ ክብደት የላትም፣ የላብራቶሪ ውጤትም የላትም፤ መልሷ ግን ደምቆ ተጽፏል፦ ቢ። ለምን ቢ? ይህን የሚጠይቅ ሥራ የፈታ ነው። በደሴቶቹ ገዳማት ያለ የቆሎ ተማሪ ንባቡን በቃሉ ከያዘ በኋላ ትርጓሜ ሲወርድ ዓመታት ይፈጃል፤ የእኛ ጀግና በ10 ቀን ሰሙን ይዞ ይመረቃል። ወርቁን ታማሚው ይፈልገው።

ቫይቫክስ ወባን እንይ፤ ክረምቱ ሲወጣ በፎገራ ሜዳ የሚበረታ የጎረቤት በሽታ ነው። ፋይሉ «ቫይቫክስ፦ ክሎሮኪንና ፕሪማኪን፣ ቢ» ይላል። እውነት ነው፤ ክሎሮኪን በ3 ቀን ደም ውስጥ ያለውን ይገድላል፣ ፕሪማኪን ደግሞ ጉበት ውስጥ አድብቶ በኋላ የሚያገረሸውን በ14 ቀን ይጠርጋል። ፈተና አውጪው ግን ክፉ ነውና «የ20 ሳምንት ነፍሰ ጡር» የምትል ሐረግ ጣል ያደርጋል። ነፍሰ ጡር ፕሪማኪን አትወስድም፤ ፅንሱ ጂ6ፒዲ የተባለው፣ ቀይ የደም ሴልን የሚጠብቀው ኢንዛይም እጥረት ካለበት ቀይ የደም ሴሎቹ ሊፈራርሱ ይችላሉ። ክሎሮኪኗን ትውሰድ፣ ፕሪማኪኑ ከወሊድ በኋላ ይደርሳል። የፋይል ሐኪም ግን ቃሉን አያጥፍም፦ ቫይቫክስ ካየ ቢ ነው። ታማኝነት ማለት ይህ ነው።

ኤክላምፕሲያ ላይማ፣ ነፍሰ ጡርን ከደም ግፊት ጋር በሚያንቀጠቅጠው በሽታ ላይ፣ ታማኝነቱ ያስለቅሳል። መንቀጥቀጡን የሚገታው መድኃኒት «ማግኒዚየም ሰልፌት» ተብሎ ተሸምድዷል፤ አበቃ። ጥያቄው ላይ ያለችው እናት ግን ማግኒዚየሙን ጀምራለች፣ ጉልበቷ ሲመታ እግሯ አይወረወርም፣ ትንፋሿ በደቂቃ 10 ነው። መድኃኒቱ ሲበዛ መጀመሪያ ሪፍሌክስ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ ይደክማል። ለዚህ ነው ከየመጠኑ በፊት ጉልበት የሚመታው፣ ትንፋሽ ከ16 እንዳያንስ የሚቆጠረው፣ ሽንት በሰዓት 30 ሚሊሊትር መሙላቱ የሚታየው። እዚህ ላይ መልሱ ማግኒዚየሙን አቁሞ፣ ትንፋሿን እያገዙ፣ ማርከሻውን፣ 1 ግራም ካልሲየም ግሉኮኔት፣ በደም ሥር ቀስ አድርጎ መስጠት ነው። ጀግናችን ግን ሌላ ማግኒዚየም ያዝላታል። ቸር ሰው ነው።

«በስተቀር» የምትለው ቃል ከፋይሉ ስለወደቀችባቸው ጥያቄዎች ምንም አልልም፤ ሙት ወቃሽ አልሆንም።

በሌላ በኩል ደግሞ አንዳንድ ኋላ ቀሮች አሉ። ከ3 ወር በፊት ይጀምራሉ። በቀን 40 ጥያቄ ሰዓት ይዘው፣ መልሱን ሸፍነው ይሠራሉ። ያገኙትን ትተው የሳቱትን ደብተር ላይ ያሰፍራሉ፤ ሌሎቹ ምርጫዎች ለምን እንዳልሆኑ በአንድ አንድ መስመር ይጽፋሉ፤ ያንኑ በማግስቱ፣ በ3ኛው ቀን፣ በሳምንቱ ተመልሰው ራሳቸውን ይጠይቃሉ። ጥያቄ ሲያነቡ ከመጨረሻው መስመር ይጀምሩና ዕድሜ፣ እርግዝና፣ የደም ግፊት ላይ ያሰምራሉ። ዋርድ ውስጥ ያዩትን ታማሚ ማታ ከመመሪያው ጋር ያስተያያሉ። በፈተናው ዋዜማ ደግሞ ይተኛሉ! አስቡት፣ ፋይሉ 400 ገጽ ሆኖ ሰው ይተኛል።

የጀግኖቹ ሥራ ፈተናው ሲያልቅም አያልቅም። ከበሩ እንደወጡ ስልክ ይከፈታል፤ አሳ ጥብስ ታዝዞ የሚቀጥለው ዓመት ፋይል ይሰናዳል።

«የነፍሰ ጡሯ ወባ መልስ ቢ ነበር አይደል?»

«ነፍሰ ጡር ነበረች እንዴ?»

«ተወው እሱን፣ ቢ ነው ወይስ ዲ?»

እጅ ወጣ። አምስት ለሁለት፣ ቢ። ከሁለቱ አንዱ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ አሳው መጣና ተዘጋ።