ቦርጫም ሮኬት ይሻላል

ሰው ሮኬት ሊሠራ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመርጠው ቀለሙን ነው። ቀጥሎ ስሙን። «ነበልባል»፣ «ንስር»፣ «መብረቅ»። «ቀስ ብሎ ተመላሽ» ብሎ የሰየመ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። የምስክር ወረቀት የሚያሰጠው ፈተና የሚፈልገው ግን እሱን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከፍተኛ ኃይል ሞዴል ሮኬት፣ ማለትም ሰው በትርፍ ጊዜው የሚሠራው ትልቅ ሞተር ያለው ሮኬት፣ ሦስት የምስክር ወረቀት ደረጃዎች አሉት። ናር እና ትሪፖሊ በሚባሉት የአሜሪካ ማኅበራት ደንብ፣ ደረጃ አንድ ማለት ኤች ወይም አይ የተባለ ሞተር ማብረር ነው። ፊደሉ አንድ ሲጨምር የጉልበቱ ጣሪያ እጥፍ ይሆናል፤ መለኪያው ኒውተን ሰከንድ ይባላል። ኤች እስከ 320 ኒውተን ሰከንድ፣ አይ እስከ 640። የጽሑፍ ፈተና የሚመጣው በደረጃ ሁለት ነው። በደረጃ አንድ ግን ሮኬቱን ራስህ ትሠራለህ፣ ፈታኙ እያየህ ታስወነጭፋለህ፣ ፓራሹቱ ይከፈታል፣ ሮኬቱን ሳይሰበር ይዘህ ትመጣለህ። አለቀ። ስንት ሜትር ወጣ? ለማለፍ ማንም አይጠይቅህም።

ጀማሪውን የሚያበሳጨውም ይኼ ነው። ከፍታ የማይጠየቅበት ሮኬት ምን ሊረባ!

ነባሮቹ የሚመክሩት በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ወፍራም ይሁን። ስፋቱ 10 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ቱቦው ካርቶን፣ ክንፉ ኮምፔንሳቶ። ወፍራም ሮኬት አየር ይይዘዋል። ቶሎ ይደክመዋል። ከዓይን ሳይሰወር ይመለሳል። ሰው ሁሉ ቦርጭ ለማጥፋት በሚሮጥበት ዘመን፣ ቦርጭ የሚመሰገንበት ሜዳ ይኼ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የጀማሪው ዓይን ግን ያረፈው ቀጭኗ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ይቺስ?»

«እሷማ ታምራለች። ስትሄድ ታያታለህ። ስትመለስ ነው የማታያት።»

«አንድ ልጅ ግን በእሷ አልፏል አሉኝ።»

«አልፏል። ሰው አሰማርቶ ሲያስፈልጋት ውሎ።»

ሌላው ዓይነት ጀማሪ ደግሞ «ለወደፊቱም ይሆነኛል» ባይ ነው። ለሚያድግ ልጅ ሰፊ ጫማ እንደሚገዛ ወላጅ፣ ለደረጃ አንድ ፈተና የደረጃ ሦስት ሮኬት ይገዛል። ትንሹን ሞተር ትልቁ ቀዳዳ ውስጥ የሚያስገጥም ማጥበቢያ አለ፤ እውነት ነው። የሮኬቱን ክብደት የሚያጠብ ግን አልተሠራም። ሞተሩ ሲነሳ የሮኬቱን ክብደት ቢያንስ አምስት እጥፍ ይግፋ የሚባል የቆየ ልማድ አለ። ካልገፋ፣ ሮኬቱ የሚነሳበትን ሐዲድ የሚለቀው እያዘገመ ነው። ያን ጊዜ ነፋሱ ወዳሻው ያዞረዋል። ተመልካቹም ከወንበሩ መነሳት ይጀምራል።

ወደ ሙጫው እንምጣ። ሙጫ ላይ አዋቂ ያልሆነ ሰው የለም። አንዱ «በአምስት ደቂቃ የሚደርቀው ኤፖክሲ ይበቃል» ይላል። ሌላው «ቀስ ብሎ የሚደርቀው ካልሆነ እኔ የለሁበትም» ይላል። ጀማሪው የሁለቱንም ፊት ማየት ስለሚፈራ ሁለቱንም ይቀባል። ሲደርቅ «ለማንኛውም» ብሎ ይደግመዋል። ማታ ተነስቶ «ለማንኛውም» ይሠልሰዋል።

እዚህ ላይ ፊዚክስ ጣልቃ ይገባል። ሮኬት ቀጥ ብሎ እንዲበር የስበት ማዕከሉ፣ የአየሩ ግፊት ተጠቃሎ ከሚያርፍበት ነጥብ (ከአየር ግፊት ማዕከሉ) ይልቅ ወደ አፍንጫው ቀረብ ማለት አለበት፤ ቢያንስ የቱቦውን ስፋት ያህል። ክንፍ ያለው ግን ጭራው ላይ ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ሙጫ ጭራ ላይ ይከመራል። ሚዛኑ ወደ ኋላ ይሸሻል። መፍትሔው? አፍንጫው ውስጥ ክብደት መጨመር። አፍንጫው ሲከብድ ሮኬቱ ከበደ። ሮኬቱ ሲከብድ ትልቅ ሞተር አማረው። ትልቁ ሞተር ራሱ ከባድ ነው፤ ቦታውም ጭራ ላይ ነው። ሚዛኑ እንደገና ወደ ኋላ። አፍንጫው ላይ እንደገና ክብደት። በመጨረሻ ቀለም፤ ያውም ሦስት ዙር፣ ለፎቶ። ሰውየው «ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ አትጠይቀኝ» ይልሃል። እውነቱን ነው። ቢወድቅ የሚጎዳው መሬቱ ነው።

ይኼን ሁሉ ቀድሞ የሚያሰላ ኦፕንሮኬት የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ሚዛኑን ያሳያል፣ ሐዲዱን ሲለቅ ያለውን ፍጥነት ያሳያል፣ ፓራሹቱ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ያሳያል። ጀማሪው ከዚህ ሁሉ የሚያነበው አንድ ቁጥር ነው፤ ከፍታውን። እሱን ፎቶ አንስቶ ለዘመድ አዝማድ ይልካል። ሙጫውና ቀለሙ ለፕሮግራሙ አልተነገሩትም።

ዘመድ አዝማድም ይመልሳል። «ሰው ይይዛል?» «ጨረቃ ይደርሳል?» እናት ብቻ ቁም ነገር ትጠይቃለች። «አይፈነዳም?» አሜሪካ ውስጥ ይኸው ጥያቄ ፍርድ ቤት ለዓመታት ቆይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ፍርድ ቤቱ የእነዚህ ሞተሮች ነዳጅ ፈንጂ ተብሎ ሊመደብ አይገባም ብሎ ለሮኬት ሠሪዎቹ ፈረደ። እናቶች ይግባኝ ላይ ናቸው።

የማስወንጨፊያው ቀን የፓራሹት ቀን ነው። ሮኬቱ በሰከንድ ከ5 እስከ 6 ሜትር ቢወርድ ይበቃዋል። ጀማሪው ግን ለልጁ ስለሚሳሳ ትልቁን ፓራሹት ይመርጣል። ልጁም በነፋስ ተንሳፍፎ ከሜዳው ይወጣል። ሞተሩ ነዶ ካበቃ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ፓራሹቱን የሚተፋ ትንሽ ባሩድ አለ። ሰዓቱ በጣም ከፈጠነ ወይም ከዘገየ፣ ሮኬቱ በፍጥነት ላይ ስለሆነ ገመዱ የካርቶኑን ቱቦ ይተረትረዋል። ያ ሁሉ ሙጫ ጭራ ላይ ነበር፤ የተቀደደው ከላይ ነው።

ደህና ከተመለሰ ፈታኙ ክንፉን ነቅነቅ ያደርጋል፣ ቱቦውን ያገላብጣል፣ የሞተሩ ቀፎ አብሮ መመለሱን አይቶ ይፈርማል። ከዚያ ወሬው ይጀመራል። ሜዳው ላይ 400 ሜትር የተባለው መኪና ውስጥ 500 ይሆናል። ራት ላይ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ከፍታ የሚመዘግብ አልቲሜትር የሚባል የጥቂት ግራም ዕቃ አለ፤ ሮኬቱ ውስጥ ይገባል። ለምን እንዳላስገባው ስትጠይቀው፣ ያ በሙጫና በቀለም የተሸከፈ ሮኬት እጁ ላይ እንዳለ፣ «ክብደት ፈርቼ ነው» ይልሃል።